እጅ ለእጅ፦ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የወንዶችን መቀራረብ የያዙ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችን ስለ መሰብሰብና ስለ ማንበብ

አጠቃሎ

ሁለት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ወይም እጅ ለእጅ ተያይዘው የተነሷቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች በኢትዮጵያ የቤተሰብ አልበሞች ውስጥ የተለመዱ ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች የወንድ ለወንድ ፍቅር ታሪክ ማስረጃ ተደርገው ሲሰበሰቡና ሲታተሙ ቆይተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ አምቦንና የምዕራብ ሸዋን ከተሞች መነሻ በማድረግ፣ ያ የአሰባሰብ ልማድ ወደ እኛ አልበሞች ሲመጣ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያሳስት ይመረምራል። የጽሑፉ ጭብጥ፣ በፎቶግራፍ ላይ የሚታየው መቀራረቡ እንጂ የመቀራረቡ ስም አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ «ፍቅረኛሞች ናቸው» የሚለውም ሆነ «ጓደኛሞች ብቻ ናቸው» የሚለው ድምዳሜ እኩል ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል። ጽሑፉ የመስክ ጥናት ውጤት ሳይሆን የአሰባሰብ፣ የንባብና የአያያዝ ዘዴ ሐሳብ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የፎቶ ቤት ፎቶግራፍ፣ የወንዶች መቀራረብ፣ የቤተሰብ አልበም፣ ምዕራብ ሸዋ፣ የሰነድ አያያዝ

1. መግቢያ

የወንዶችን መቀራረብ የሚያሳዩ የቆዩ ፎቶግራፎችን የመሰብሰብ ሥራ በሦስት መጻሕፍት ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ይዞ ይታያል። የመጀመሪያው በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው የዴቪድ ዳይቸር «ውድ ጓደኞች» ነው። ዳይቸር ከ1840 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. የተነሡ የአሜሪካ ወንዶች ፎቶግራፎችን ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል የነበረው ግንኙነት በእርግጠኝነት ሊታወቅ እንደማይችል ሳይደብቅ፣ ይህን አለማወቅ ራሱን የጥናቱ አካል አድርጎታል። ሁለተኛው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆን ኢብሰን ሥራ፣ ቁጥራቸው የበዛ ተራ ፎቶግራፎችን በማነጻጸር ላይ የቆመ ነው። ኢብሰን እንደሚለው አሜሪካውያን ወንዶች በፎቶግራፍ ላይ በነጻነት ሲነካኩ የኖሩ ቢሆንም፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የመጠርጠር ፍርሃት ሲያድግ በሰውነታቸው መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄዷል። ሦስተኛው፣ ሂው ኒኒና ኒል ትሬድዌል በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ባልና ባል የሆኑት እነዚህ ሰብሳቢዎች ለሃያ ዓመታት ያህል ከጥንታዊ ዕቃ መሸጫዎችና ከገበያ 2,800 ያህል ፎቶግራፎችን አከማችተዋል። መምረጫቸው በተነሺዎቹ ዐይን ውስጥ ፍቅር ይነበባል የሚል እምነታቸው ነበር። ስብስቡ በ2023 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ራት ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ቤተሰብ የጣለውን፣ ሙዚየም ያልፈለገውን፣ ወንድ ወንድን የወደደበትን ዘመን ምስክር ከመጥፋት አድነዋል። ይሁን እንጂ «በዐይናቸው ይታያል» የሚለው መመዘኛ በአንድ አገር የመነካካት ልማድ ላይ የተመሠረተ ነው። ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአደባባይ በሚሄዱበት አገር ይህ መመዘኛ ብቻውን ሊሠራ አይችልም። በሌላ በኩል፣ «በእኛ አገር መያያዝ የወንድማማችነት ነው» ብሎ ጥያቄውን መዝጋት ጥናት ሳይሆን ከጥናት መሸሽ ነው። ጉዳዩን በአንድ አካባቢ ላይ አስቀምጦ መመርመር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

2. አካባቢውና ፎቶ ቤቱ

በኢትዮጵያ የፎቶ ቤት ሥራ ሥር የሰደደው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የአርመናውያን ድርሻ ጉልህ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ደግሞ በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። ቤተ መንግሥትና መኳንንት የጀመሩት መነሣት ቀስ በቀስ ወደ ጸሐፊው፣ ወደ ወታደሩ፣ ወደ አስተማሪውና ወደ ተማሪው ወረደ። ከዋና ከተማዪቱ በሚወጡት መንገዶችም ወደ አውራጃ ከተሞች ተዛመተ።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው ነው። በዚህ መስመር ላይ ወጣት ወንዶችን ከየቤታቸው አውጥተው አንድ ላይ የሚያኖሩ ተቋማት ነበሩ። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ለዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። አምቦ፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ በፍል ውኃዋ እንግዳ የማይለያት ከተማ ናት።

ይህ ለርእሳችን የጀርባ ታሪክ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤትና ጦር ሠፈር ሁለት ነገሮችን ያስከትላሉ፤ መቀራረብንና መለያየትን። አብረው የበሉና አብረው ያደሩ ሁለት ወጣቶች በዓመቱ መጨረሻ፣ አንዱ ወደ ባኮ ሌላው ወደ ሐረር ሲመደብ፣ ከመለያየታቸው በፊት ወደ ፎቶ ቤት መሄዳቸው የዘመኑ ወግ ነበር። ጉርድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያና ለማመልከቻ ይነሡታል፤ ሙሉ ቁመት አብሮ መነሣት ግን ለማስታወሻ ነው። ሁለት ቅጂ ይታጠባል፣ እያንዳንዱ በሌላው ቅጂ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ ይለዋወጣሉ። እንግዲህ ሰብሳቢው በእጁ የሚያገኘው ከጥንድ ስጦታ ግማሹን መሆኑን ማሰብ ይኖርበታል። ሌላው ግማሽ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ቤተሰብ አልበም ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው ያንን ቅጂ አርባ ዓመት በኪስ ቦርሳው ይዞ መቆየቱ ወይም በማግሥቱ መርሳቱ ከምስሉ በላይ ይናገራል። ይህን የሚነግረን ግን የወረቀቱ መጎሳቆልና የቤተሰቡ ቃል እንጂ አቀማመጡ አይደለም።

3. የመነካካት ሰዋስው

በፎቶ ቤት ውስጥ እጅ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ተነሺው ሳይሆን አንሺው ነው። «ቀረብ በሉ፤ እጅህን ትከሻው ላይ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ የሙያው አካል ነው። ሁለት ሰዎች በጠባብ ምስል ውስጥ እንዲገቡና በተዘረጋው የመጋረጃ ሥዕል ፊት ሚዛን እንዲጠብቁ መቀራረብ አለባቸው። ብርሃን በሚያንስበት ክፍል ፊልሙ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን ስላለበት፣ እርስ በርስ መደጋገፍ ከመንቀሳቀስም ያድናል። ስለዚህ ነጠላ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለ ፍቅር መፍረድ፣ አንድ ቃል ሰምቶ ስለ ሙሉ ቋንቋ እንደመናገር ነው።

የሚሻለው መንገድ የአንድን ፎቶ ቤት ሥራ በተከታታይ ማንበብ ነው። ሰብሳቢው ከአንድ ፎቶ ቤት የወጡ፣ በተቀራራቢ ዓመታት የተነሡ፣ ሁለት ወንዶችን የያዙ ፎቶግራፎችን በርከት አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሁሉም ጥንዶች አንድ ዓይነት አቀማመጥ ካላቸው፣ አቀማመጡ የፎቶ ቤቱ ልማድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ጥንድ ከልማዱ ቢወጣ ግን፣ ለምሳሌ ሌሎቹ ወደ ካሜራው ሲመለከቱ እነርሱ እርስ በርስ ቢተያዩ፣ ሌሎቹ ትከሻ ሲነኩ እነርሱ ጣት ለጣት ቢቆላለፉ፣ ያ መውጣት የተነሺዎቹ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ያው ጥንድ በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ አብሮ መነሣቱ ደግሞ ከማንኛውም አቀማመጥ የበለጠ ክብደት አለው። ይህም ቢሆን የሚያመለክተው የግንኙነቱን ጽናት እንጂ ስሙን አይደለም።

የሊባኖሱ ፎቶግራፍ አንሺ ሐሺም ኤል መዳኒ ሥራ እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይዳ ከተማ ሸህራዛድ የተባለውን ፎቶ ቤት ያካሄደው ኤል መዳኒ፣ ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን ሲስሙ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አንሥቷል። አርቲስቱ አክራም ዛታሪ እነዚህን ሥራዎች ለዓለም ባቀረበ ጊዜ ብዙ ተመልካች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ምስል አድርጎ ተቀበላቸው። ኤል መዳኒ ግን ተነሺዎቹ በፊልም ያዩትን መሳሳም ይጫወቱ እንደነበርና ወንድና ሴት በካሜራ ፊት መሳሳማቸው ነውር ስለነበር ተመሳሳይ ጾታዎች ቦታውን እንደተኩት አስረድቷል።

ይህ ማብራሪያ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፣ የአንሺው ምስክርነት ካልተመዘገበ ምስሉ ለማንኛውም ንባብ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በጨለማ ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ይህ ምስክርነት ጊዜ የማይሰጥ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ግን ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ጨዋታ መሆኑ ለሁሉም ጨዋታ ነበር ማለት አይደለም። ወንድና ሴት ከጋብቻ በፊት አብረው መታየት በማይችሉበት፣ ሁለት ወንዶች ግን ያለ ጥርጣሬ ተቃቅፈው መነሣት በሚችሉበት ኅብረተሰብ፣ ወንድን የሚወድ ወንድ ስሜቱን በሁሉም ፊት አድርጎ በማንም ሳይጠረጠር ሊነሣ ይችል ነበር። ልማዱ ያስጠጋዋል፤ ያው ልማድ ከታሪክ ይሰውረዋል። ሰምና ወርቅ ያስለመደን አእምሮ ወዲያው ወርቁን መፈለጉ አይቀርም። ነገር ግን ፎቶግራፍ ወርቁን የሚፈታልን ባለቅኔ የለውም፤ አንዳንዱም ሰም ብቻ ነው።

4. የፎቶግራፉ ጀርባ

ብዙ ሰብሳቢ ፊቱን አይቶ ይገዛል፤ ተመራማሪ ግን ከጀርባው መጀመር አለበት። በጀርባው ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መረጃ ይገኛል።

የመጀመሪያው ወረቀቱ ራሱ ነው። የኮዳክ ቬሎክስ፣ የአግፋ ወይም የሌኦናር ማኅተም፣ የጠርዙ አቆራረጥና የወረቀቱ ውፍረት የኅትመቱን ዘመን ለመገመት ይረዳሉ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ተከታታይ ንባብ መሠረት የሚጥለው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። በጀርባው ላይ የሚጻፈው ዓመት በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመሆኑ፣ መዝጋቢው ሳያመለክት በአውሮፓ አቆጣጠር ካስገባው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። 1966 ዓ.ም. አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ 1966 እ.ኤ.አ. ግን ሌላ ዘመን ነው። በቀይ ሽብር ወቅት አብሮ መነሣት የግንኙነት ማስረጃ ሊሆን ይችል ስለነበር ፎቶግራፍና ደብዳቤ ያቃጠሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የተነሣ የሁለት ወጣቶች ፎቶግራፍ ተርፎ ሲገኝ፣ ማን እንደደበቀውና ለምን እንዳላቃጠለው መጠየቅ ከምስሉ እኩል ይጠቅማል።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። በዚህ ላይ ምዕራብ ሸዋ የራሷ የሆነ ጥያቄ ታቀርባለች። በ1983 ዓ.ም. ከመጣው ለውጥ በፊት በአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ስለነበር፣ እርስ በርሳቸው በአፋን ኦሮሞ የሚያወሩ ወጣቶች እንኳ ከፎቶግራፉ ጀርባ የሚጽፉት በአማርኛ ነበር ብሎ መጠበቅ ይቻላል። እንግዲህ «ወንድሜ» ወይም «ጓደኛዬ» የሚለው ቃል ምናልባት በአፍ ይነገር የነበረ የሌላ ቃል ትርጉም ነው። በአፋን ኦሮሞ ሂሪያ እኩያንና ባልንጀራን ያመለክታል። ጃለ የሚለው ደግሞ ወዳጅ ማለት ሆኖ ጃለላ፣ ማለትም ፍቅር፣ ከሚለው ቃል ጋር ሥር ይጋራል። በአማርኛም ቢሆን ወዳጅ፣ ባልንጀራና ጓደኛ አንድ አይደሉም፤ ወዳጅ የሚለው ቃል ከመውደድ የወጣ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ በተነሺዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢደረግ፣ ጽሑፉም ሳይታረምና ሳይተረጎም እንዳለ ቢገለበጥ ይመረጣል።

የጀርባው መረጃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሴይዱ ኬይታ ታሪክ ያሳያል። በ1991 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተካሄደ ትልቅ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ የዚህ የማሊ ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራዎች «አንሺው ያልታወቀ» ተብለው ቀረቡ፤ ኬይታ ግን በሕይወት ነበር፣ በባማኮም ይኖር ነበር። ፎቶግራፉ ከቦታው ሲወጣ ስሙ አብሮት ካልወጣ፣ ቀጣዩ ባለቤት የፈለገውን ስም ይሰጠዋል።

5. ስምና ዝምታ

በአገራችን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የተጠራባቸውን ቃላት ስንመለከት ስለ ፍቅር የሚናገር እምብዛም አናገኝም። ሳይመን ሜሲንግ ስለ ደጋው አማራ ኅብረተሰብ በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ወንዳገረድ ስለሚባሉ ሰዎች መዝግቧል፤ ቃሉ ግን የሚያመለክተው ሰውነትንና ጠባይን እንጂ ማን ማንን እንደወደደ አይደለም። የሕጉ ቃል ደግሞ ድርጊትን ብቻ ያውቃል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ወሲባዊ ድርጊት በእስራት ያስቀጣል። የሥነ ኅብረተሰብ ተመራማሪው ጌትነት ታደለ በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር ወሲባዊ ግንኙነት ስላላቸው ወንዶች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች ኑሯቸውን በመደበቅ እንደሚመሩ አሳይቷል።

እንግዲህ በአንድ በኩል አካልን የሚጠራ ቃል፣ በሌላ በኩል ድርጊትን የሚከስስ ሕግ አለ፤ በመካከላቸው ያለውን መውደድ የሚይዝ ሰነድ ግን ጥቂት ነው። ፎቶግራፉ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፍ ወንጀልንም ጠባይንም አይመዘግብም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ገንዘብ ከፍለው፣ የተሻለ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አብረው ለመታየት መፈለጋቸውን ይመዘግባል። ይህ መፈለግ ወዳጅነት ይሁን ፍቅር ወይም ሁለቱም፣ የወንዶች ርኅራኄ ታሪክ አካል ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሁለቱን ስሕተቶች በስማቸው መጥራት እንችላለን። የመጀመሪያው የተነሺዎቹን ልማድ ሳያውቁ የዛሬን ስም መለጠፍ ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይነገርለት ነው፤ በመዝገብ ላይ «ጓደኛሞች» ብሎ ጽፎ ማለፍ። ይህ ቃል ገለልተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ያላረጋገጠው ድምዳሜ ነው። በሺህ ከሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥንዶች መካከል አንዳቸውም ፍቅረኛሞች አልነበሩም ማለት፣ ሁሉም ነበሩ ከማለት ያነሰ ድፍረት አይደለም።

6. የሕግና የሥነ ምግባር ወሰን

የተነሺዎቹ መብት በሕግ የተጠበቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጥለው ያሉት አንቀጾች ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ ባለቤቱ በሞተ ጊዜም ክብሩን የሚነካ አጠቃቀምን ለመቃወም ዘመዶቹ መብት አላቸው። ልዩ ሁኔታው ለተመራማሪ በር ይከፍታል፤ ሆኖም በሕግ የተፈቀደ ሁሉ የሚገባ አይደለም። የ1966 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፈው አረጋዊ ነው። አምቦን በመሰለ፣ ሰው በአባቱ ስም በሚታወቅበት ከተማ፣ በምስሉ ሥር የሚጻፍ አንድ መስመር በሕግ የሚያስከስስ፣ ከዘመድም የሚለይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ደረጃ እንዲኖረው ሐሳብ እናቀርባለን። በክፍቱ ደረጃ የሚጻፈው የሚታየውና የሚነበበው ብቻ ነው፦ «ሁለት ወጣት ወንዶች፤ ተቀምጠው፤ የቀኝና የግራ እጃቸው ተያይዟል፤ የፎቶ ቤት ማኅተም አለው፤ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር»። ግንኙነትን የሚሰይም ቃል፣ «ጓደኛሞች» የሚለውን ጨምሮ፣ ተነሺዎቹ ራሳቸው ካልጻፉት በቀር አይገባም። እንዲህ ሲሆን የወንዶችን መቀራረብ የሚያጠና ሰው ምስሉን በአቀማመጡ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ማንም ግን በመዝገቡ አይወነጀልም። በዝጉ ደረጃ ስሞች፣ የቤተሰብ ቃልና የሰብሳቢው ግምት ከነምክንያቱ ይቀመጣሉ፤ መቼና ለማን እንደሚከፈቱም ከሰጪው ጋር በጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል። ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ፎቶግራፉን መልሶ የመውሰድ መብቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። ከገበያ መግዛትን በተመለከተ፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አልበም ስለሚበተን፣ የቤተሰቡን ቅጂ በቤቱ ትቶ በዲጂታል መንገድ መገልበጥ ይሻላል። ነዋሪዎች የአልበሞቻቸውን ፎቶግራፎች እንዲያካፍሉ የጋበዘው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ፣ ባለቤቱን ሳይነጥቁ መሰብሰብ እንደሚቻል ያሳየ ነው።

7. አያያዝ

በጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ የሚታየው ቢጫማ መደብዘዝ ብዙ ጊዜ ከሃይፖው በሚገባ ካለመታጠብ የመጣ ነው፤ ጠርዙ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርማ ቅባትም የብሩ ወደ ላይ መውጣት ምልክት ነው። ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ለማጥራት መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። ማጣበቂያ ባላቸው የፕላስቲክ አልበሞች ውስጥ ያሉትን በጉልበት አለመላጥ፣ ከነገጹ መገልበጥ ይገባል። ከአሲድ ነጻ በሆነ የወረቀት ኤንቨሎፕ፣ ከእርጥበትና ከጭስ ርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። መለያ ቁጥር በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም። ሲገለበጥ ባዶ ቢሆን እንኳ ጀርባው አብሮ ይነሣል፤ ባዶነቱም መረጃ ነውና።

8. ማጠቃለያ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የወንዶችን መቀራረብ የያዙ ፎቶግራፎችን መሰብሰብ ከውጭ የመጣ ስም ፍለጋም፣ ስምን የመሸሽ ዘዴም ሊሆን አይገባም። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ አቀማመጡን መግለጽ፣ ጀርባውን መገልበጥ፣ አመጣጡን መመዝገብ፣ ከፎቶ ቤቱ ተከታታይ ሥራ ጋር ማነጻጸር፤ ግምት ካለ በመጨረሻና በዝግ። ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆኑት በአካባቢው ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው፤ አልበሞቹ በየዘመዶቻቸው ቤት አሉ፣ ቋንቋውንም ያውቁታል። በቅድሚያ መጠየቅ ያለባቸው ግን በጨለማ ክፍል የሠሩት አረጋውያን ናቸው። ምስሉ በእርሳስና በኤንቨሎፕ ሊቆይ ይችላል፤ ማን ማንን «ቀረብ በል» እንዳለው የሚያስታውሰው ሰው ግን ምትክ የለውም።